ጉርድ ፎቶ

ኮምቦልቻ ላይ ነው፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ፎቶ ቤቴ ማለት አንድ ወንበር፣ አንድ ግርዶ።
አንጓች በየዓመቱ ጉርድ ልትነሣ፣
ከጨርቃጨርቁ በር፣ ፈረቃዋን ጨርሳ፣
ትመጣለች። መጀመሪያ ወደ መስታወት፣
ከዚያ ጸጉሯን ስባ በግራ ጆሮዋ ፊት።
«ቀና በይ» እላለሁ። «ቀና ነኝ» ትላለች፣
ግራ ጉንጯን ለግርዶው እንደሰጠች።

አየኋት አንድ ቀን፤ ከጆሮዋ ሥር፣
ከመንጋጋዋ ጥግ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር።
በዓመቱ ባቄላ፣ በአምስተኛው የድርጭት እንቁላል አከለች፤
አታምም፣ አትጠዘጥዝ፣ ዝም ብላ ትኖራለች።
እኔም ያኔ በእርሳስ ጫፍ፣ ኋላ በኮምፒውተር፣
ሳትጠይቀኝ፣ ሳልነግራት፣
አጠፋት ነበር።

ሥራዋስ? ጨርቅን ከመብራት ፊት መዘርጋት፣
የዘለለውን ማግ፣ የላላውን ድር ለይቶ ማውጣት።
በቀን ስንት ጣቃ «ይመለስ» ያለች ሴት፣
የራሷን ግን…
እንጃ። ሰውም አስፈራራት።
«ቢላ ከነካው ይበተናል» አሏት፣
የዘበኛውን የያሲንን እኅት እያሳዩ፤
አፏ ወደ ቀኝ የሸሸ፣
አንድ ዓይኗ ሳይከደን የሚያድር።

አምና በጥቅምት ግን ሐረጎን ወጣች።
መስኮት ተደግፋ መታጠፊያ ስትቆጥር፣
አሥራ ሰባት ላይ ተወች።
ደሴ ሆስፒታል በመርፌ ወስደው አዩት፤
«የምራቅ ዕጢ እባጭ ነው፣ ክፉ አይደለም» አሏት።
ክፉ ያልሆነ ሁሉ ግን፣ ዕድሜ ከሰጡት፣
ደግ ሆኖ አይቀርም።

ዶክተር ኢክራም ወጣት ናት። በሰማያዊ ብዕር
ጉንጯ ላይ ትሥል ጀመር፦
«መስመሯ እዚህ፣ ከጸጉርሽ ውስጥ ትነሣለች፣
ጆሮሽን በፊት ለፊት ታክካ ትወርዳለች፣
ከጉትቻሽ ሥር ትታጠፋለች፣
በኋላ ሽቅብ ዞራ ተመልሳ ጸጉር ትገባለች።»
«ይህማ ሐረጎ ነው» አለች አንጓች።

«መንገዱ ለእኛ የተቀደደ አይደለም» አለች ሐኪሟ፤
«ገንዘብ የተረፈው ሰው ዕድሜውን ሲሸሽ
የረገበ ቆዳውን የሚያስወጥርበት ነው።
እኛ በዚያው መንገድ ሌላ ጭነት እናወርድበታለን።
ድሮማ ቢላው አንገት ድረስ ነበር የሚሄደው።
ግን ስሚኝ፤ በዕጢው መሐል አንድ ነርቭ ያልፋል፣
አምስት ቅርንጫፍ። አንዱ ቅንድብ ያነሣል፣
አንዱ ዓይን ይከድናል፣ አንዱ ሣቅሽ ነው።
እነሱን አንድ በአንድ እየለየሁ ነው የማልፈው።
የሚቀረውን ጎድጓዳ በራስሽ ሥጋ አጥፌ እሞላዋለሁ፤
እንደማልስት ግን አልምልልሽም።»

አልማለችላትም። ለዚህ ነው ያመነቻት።

በየካቲት መጣች።
መስታወቱን አላየችም። ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ፣
«በግራ አንሣኝ» አለች።
መብራቱን አስጠጋሁ። ፈለግሁት፤
ከጆሮዋ ፊት አንዲት ጭረት፣
ትራስ ጉንጭ ላይ የሚተወውን መስመር የምታህል፣
ሌላ የለም።
«ጉትቻዬን ንካው» አለች። «አይሰማኝም።
ባለፈው ወድቆብኝ፣ ግማሽ ቀን ሳላውቅ፣ ከጣቃ ሥር ተገኘ።
ሎሚ ስቀምስ ደግሞ ጉንጬን ያልበኛል።»
ሣቀች። ቀኙ ቀድሞ ደረሰ፣
ግራው ቆይቶ መጣ፣
ጭጋግ መንገድ ላይ እንደያዘው የደሴ መኪና።

ከኮምፒውተሩ ፊት እጄ በልማዱ
ወደ ግራ ሄደ፣ የሚያጠፋው ሊፈልግ።
ያቺ የዘገየች ከንፈር ላይ ደረሰ፣
ቆመ፣
ተመለሰ።
«ፊቴ እንደ ፊቱ ሆነ?» አለች ከኋላዬ።
ምን ልበላት?
የፊቱ ፊቷ እኮ የእኔ ሥራ ነበር።

አራት ቅጂ አወጣሁ። ዋጋ ስትጠይቀኝ
የወረቀቱን ብቻ ነገርኳት።
«የሌላውስ?» አለች፣ ዓይኔን እያየች።
«ዛሬ ሌላ የለም።»