ቁልፍ

ስሙን ቁልፍ አልኩት፤ ሥራዬ ቁልፍ ነው፣
በቀን ስምንት መቶ ሸሚዝ ላይ የምተክለው።
ሐዋሳ ዘንቦባት ባደረ ማለዳ፣ ከፓርኩ አጥር ዳር፣
ከልብስ እንደ ረገፈ ብቻውን ወድቆ ነበር።

አንድ ክፍል፣ አራት ሴት፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ አምፖል፤
መዳፍ የማይሞላ ነፍስ ቤት ያጣብባል
ያለ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ወተቱን ሸሸው፤
በስድስተኛው ሌሊት ዱካሌ መብራት ስታበራ፣ ወለሉ ደም ነው።
ሽታውን አልነግራችሁም።
ያሸተተ ያውቀዋል፤ ያላሸተተ ይቅርበት።

የከብት ሐኪሙ ባራሳ ጓንቱን አወለቀና፣
«ፓርቮ ነው» አለ፤ «መድኃኒት የለውም ገና።
አንጀቱን ከውስጥ ይልጠዋል። የሚያቆየው ውሃ ነው፤
ውሃውን እናንተ፣ ትግሉን እሱ፤ ዕድሉ ግማሽ ነው።»
ግሉኮሱን በመርፌ ከቆዳው ሥር ለቀቀው፤
ጀርባው ላይ ሻኛ አበቀለና ወይፈን አስመሰለው።
ሳቅን። ከዚያ እርስ በርስ መተያየት አፈርን።

እንደ ፓርኩ ደንብ ሺፍት አወጣንለት፦
አመለወርቅ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት፣
ዱካሌ እስከ ዘጠኝ፣ እኔ እስከ ንጋቱ ሰርቪስ፤
በየሩብ ሰዓቱ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ፣
ጠብ... ጠብ... ኦአርኤስ።
ባንቺአየሁ «ለውሻ!» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤
ጠዋት ግን የበረኪናውን ዋጋ ከትራሴ ሥር አኖረች።

እትዬ የሺመቤት በመስኮት ብቅ አሉና፣
«ሐይቅ ዳር ጣሉት» አሉ፤ «አባ ኮዳ አለና፣
ከዓሣው አንጀት ጋራ ይወስድላችኋል።»
እውነትም ጎህ ሲቀድ አንዱ ጣሪያው ላይ ቆሟል፣
ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ቀብሮ፣
ልክ እንደ ሱፐርቫይዘራችን፣ የቀረውን ቆጥሮ።

በዘጠነኛው ሌሊት ቀዘቀዘብኝ።
ሹራቤን ላልብሰው፣ ላጥፈው ቸገረኝ።
ጆሮዬን ከጎድኑ ላይ ጣልኩት፤ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣
ማታ ሳይጠፋ የተረሳ የስፌት መኪና ድምፅ፣
ሳይቆም፣ ሳይደምቅ።
«አለ» አልኩ። ማንም አልነቃም። ለራሴ ደገምኩት፤ «አለ»።
ጠብ። ጠብ። ምላሱ ሲሪንጁን ፈለገ፤ ላሰ፤ ቀጠለ።

ከዚያስ? ከዚያ የከፋው መጣ፤ መዳኑ።
«በማንኪያ» ብሏል ባራሳ፤ «አምስት ማንኪያ ለቀኑ፤
ሆዱ እስኪሞላ ከበላ ይመለስበታል።»
ባንቺአየሁ፣ ያቺ «ለውሻ!» ያለችው፣
ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ገዝታ፣ ያለ ጨው ቀቅላ፣
እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመችለት በጥፍሯ ነጥላ።
ሳህኑን ልሶ ሲገፋው፣ ሳህኑ ግድግዳ ሲመታ፣
ዐይኑ እኔ ላይ፣ «ጨምሪ» ሲል፣ የእኔ መልስ እምቢታ።
ለራበው ማንኪያ መቁጠር እንዲህ ያለ ነገር ነው እንዴ?
የወር መጨረሻ ነበር። እኛም በማንኪያ ነበርን፣ በቀን አንዴ።

አሁን ግቢውን በበረኪና አጥባለሁ፣ እሁድ በእሁድ፤
በሽታው አፈር ውስጥ ወራት ይከርማል፣ ሳይታይ፣ ሳይሄድ።
የጎረቤት ቡችላ በአጥር ቀዳዳ አፍንጫውን ሲያስገባ፣
«ሂድ!» እላለሁ፤ ድንጋይ አነሳለሁ፣ ሆዴ እየባባ።

ትናንት ዋናው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ፤
«ባጅሽ ስም የለውም፤ ምን ሆነ?» አለኝ።
ገመዱ ተበጥሷል፤ ፎቶዬ ላይ የትንንሽ ጥርስ አሻራ አለ፤
«ቁልፍ በላው» አልኩት። ግራ ገባው፤ «ማን ቆለፈው?» አለ።
ከውስጥ መኪኖቹ መጮህ ጀምረዋል።
የግማሽ ቀን ደሞዝ ተቆረጠብኝ።

ይቆረጥ።
ጥርስ አለው።