አምስት ሺህ ጋሎን

ዓርብ ገና ሳይነጋ ስልኬ ተንጫረረ፣
ኃላፊው እያዛጋ በዐረብኛ ተናገረ፦
“አምስት ሺህ ጋሎን ውሃ ጭነህ ወደ ቀልሃት፣
በኛ ዐሥር ድረስ።” (በኔ መሆኑ ነው አራት።)
“ለማን ቤት ነው ጌታዬ? ማን ብዬ ልጥራ?”
“ቤት የለም። ፍርስራሽ ነው። እንግዶች አሉ፣ ካሜራ
አለ። የጥንቱ ማጠራቀሚያ ደርቆ አያምርም።”
ለማማር ውሃ ጭኜ በዕድሜዬ አላውቅም።

ከጨው ማጣሪያው ቀዳሁ፣ ትናንት ባሕር የነበረውን፣
ውሃ መባልን ገና በቅጡ ያልለመደውን፤
ባሕሩ በቀኜ፣ በግራዬ ራቁት ተራራ፣
ከኋላዬ ሃያ ቶን እየተላጋ ሲያወራ።

ከተማ ነበር ይባላል እዚህ፣ ወደብ፣ ገበያ፣
ፈረስ የሚጫንበት ወደ ህንድ፣ ወደ ማዶ፣ ወዲያ።
ዛሬ ቆመ ቢባል አንድ መቃብር ነው፣ ጉልላቱ የፈረሰ፣
ሌላው ድንጋይ ነበር፣ ወደ ድንጋይነቱ ተመለሰ።

ዘበኛው ሸይባ ኸልፋን፣ ቁልፉን እንደ ክታብ
ካንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጠበቀኝ ከመግቢያው ግንብ።
“ቢርካ” አለኝ፣ ወደ ጨለማው በበትሩ እያሳየ።
ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዓመት አለፈ፣ ስንት ቆየ!

ቢርካማ አውቃለሁ።
ከጅጅጋ ደጋሃቡር፣ ከዚያም ወዲያ አውቃለሁ፤
በድርቁ ዓመት በቦቴ ውሃ አመላልሻለሁ።

ወረድን፣ እሱ በፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ደረጃው መሐሉ ጎድጓዳ፣ በእግር ብዛት የተበላ።
ልስኑ ላይ የአንድ ግንበኛ የአምስት ጣት ፈለግ አለ፣
እርጥብ ሳለ የዳሰሰው፣ እጁን እስካሁን ያላነሳ የመሰለ።
ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ይሸታል የሌሊት ወፍ፣ አሮጌ ኖራ።
ኸልፋን ሲያስል አራቱም ጥግ አብሮት ሳለ፣ በተራ።

ወጥቼ ቱቦ ዘረጋሁ። ልከፍት ስል ሸይባው መጣና፣
የቦቴውን ጎን በጣቱ አንጓ ኳ፣ ኳ አደረገና
አደመጠ።
“ሙሉ ነው” አለ።

እንዲህ የምታንኳኳው ሹክሪ ነበረች።
ከሰልፉ ፊት ትወጣለች፣ ቢጫ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣
ከታች ጀምራ ኳ፣ ኳ፣ ድምፁ እስኪለወጥ ወደ ላይ ወጥታ፣
“እስከዚህ ነው” ትላለች፤ በከሰል ታሠምራለች መሥመር፤
ያን ያየ ሰልፈኛ ያውቃል ለማን እንደሚደርስ፣ ለማን እንደሚቀር።

አንድ ቀን ግማሹን ሸጬ መጣሁ።
ጅጅጋ ላይ፣ ለሆቴል። ለልጄ ትምህርት ቤት ነው ልል ነበረ፤
ጫት ነው። ጎማም ነው። የቀረው ለምን እንደዋለ አላውቅም፣ ቀረ።
አንኳኳች። ከወገቧ ሳታልፍ ድምፁ ተቀየረ።

ዞራ አየችኝ።
አልተሳደበችም። ከሰሉን አነሳች፣
ዝቅ ብላ፣ በጣም ዝቅ ብላ፣ መሥመሯን አሠመረች።

እዚህ ግን አንዲት ጠብታ አልጎደለችም።
ልስኑ መጀመሪያ ጠጣ፣ እንደ ሰው ድምፅ አውጥቶ ጠጣ፤
ኋላ ከጣሪያው ቀዳዳ ብርሃን ወርዶ ላዩ ተሰጣ።
ኸልፋን በመዳፉ ቀምሶ ጥቂት ቆየና ተፋ፦
“ዝናብ አይደለም” አለ፣ ፊቱ ሳይከፋ።

እንግዶቹ መጡ። አንዲት ሴት ሳንቲም ወረወረች።
አንድ ልጅ የራሱን ስም ጮኸ፤ ዋሻዋ ስሙን መለሰች።
“የተረከበ” ከሚለው ቦታ ኸልፋን ጣቱን ነክሮ ፈረመ፣
ወረቀቱን ሳላጥፈው ደረቀ፤ ፊርማው ከመስመሩ ላይ ተለቀመ።

ወደ ሱር ስመለስ መንገድ ዳር አቆምሁ። ወረድሁ።
ከታች ጀምሬ እስከ ላይ፣ ጎኑን ሁሉ አንኳኳሁ።
አንድ ድምፅ ነው።
ኪሴን ዳበስሁ ለከሰል። እስክሪብቶ አገኘሁ።
ብረት ላይ አይጽፍም።