ቀሪ

ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ።
ወይዘሮ ኦልሼቭስኪ፣ ከስክሪኑ ማዶ፣
አራት መቶ ልጆች እንደ ተልባ ፍሬ
ዘርታ ትጠብቃለች፣ በአንድ ቀመር ዛሬ
የመስከረሙ ፈተና የሰኔውን ማርክ እስኪናገር።
ቢንጫጫም ተልባው፣ መስመሩ ያዘው።

አንዲት ፍሬ ብቻ ከመስመሩ ርቃ
ታች ወድቃለች፤
ላሞንት ፕሩት። ፈተናው ዘጠና አራት፤
ቀመሩ የተነበየለት ኤ፣ ኬሚስትሪ ያገኘው ዲ።

በግምትና በእውነቱ መሀል ያለውን ርቀት
ስታቲስቲክስ «ቀሪ» ይለዋል።
የስም መጥሪያውም እንዲሁ፦
ማክሰኞ ቀሪ፣ ሐሙስ ቀሪ፤
ቅዳሜን ግን ማን ይቆጥራል?
እናቱን ለኩላሊት እጥበት የሚያደርሰው በሦስቱም ቀን ነው።

ፕሮግራሙ ጠየቃት፦ «ይህ ነጥብ ይሰረዝ?»
ቢሰረዝ መስመሩ ያምራል።
ሻይዋ በረደ፤
ጣቷ ማውሱ ላይ
ቀረ።