ቆጠራ

ሐምሌ ሃያ ስድስት፤ አገር ቤት ጭቃ ነው፣
ጀህራ ግን ገና ጎሕ አስፋልቱ ትኩስ ነው።
እኔ የውሃ ቦቴ ነጂ ነኝ በቅጥር፣
ከጎማ፣ ከናፍጣ ሌላ 'ማላውቅ ነገር።

ድልድዩ አጠገብ አቧራ ሲነሳ
አንድ ልጅ አስቆመኝ፣ አንገቱ የከሳ፤
ትከሻው ላይ አንዲት ኮከብ ብቻ ያለች፣
እሷም ገና አዲስ፣ እንደ ሙሽራ ያፈረች።
ምክትል መቶ አለቃ መሻሪ ይሉታል፤
ጺሙ ሊበቅል ነው፣ ግን ገና ይፈራል።

«ውሃህን አውርድና መኪናህን አዙር፤
ይህ ጦር ያንተ አይደለም፤ ሂድ፣ ለልጆችህ ኑር።»
ውሃውን አወረድኩ፤ መሪውን ጨበጥኩ፤
ለምን እንደሁ እንጃ፣ ቁልፉን መልሼ ነቀልኩ።

ሰዎቹን ቆጠረ በጣቱ እየመታ
የብረት ቆባቸውን፣ ልክ እንደ ጨዋታ፤
«ዋሒድ፣ ትነይን...» ሲል ደረሰ ሃያ ሁለት፣
ወደኔ ዞር አለ፤ ቆብ የለኝም፤ መዳፉን ጣለ በአናት።
«ሃያ ሦስት» አለ።
አምስት ዓመት በዚያ አገር፣ ከሰው የተቆጠርኩት ያን ዕለት።

ታንኮቹ ሲመጡ ድምፃቸው ቀደመ፤
ጥርሴ ውስጥ ሰማሁት፣ መንጋጋዬ ታመመ።
አንዱ ወታደር አለቀሰ፤
መሻሪ ሳይቆጣ ጎንበስ ብሎ ደረሰ፣
የጫማውን ክር አስሮለት፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ቆይ... ቆይ...» ይላል ደጋግሞ፣ እጁ አየር ላይ ቆሞ፤
ሃያ ሦስት ልብ ያዘ በዚያች ቃል ጠምጥሞ፤
የፊተኛው ታንክ ጥላ ድልድዩን ሲነካ፣
እጁ ወረደ። ሰማይ የሚባለው ለካ
ቆርቆሮ ኖሯል።

ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ ተመለሱ።
በአራተኛው ጥይት አለቀ። «ወደ ቦቴው!» አለ እሱ።
የሬዲዮው ልጅ ጀራሕ ከጉድጓዱ አልወጣም፤
«ማንም አይከተለኝ፤ አልቆይም» አለ፤ አልቆየም።
አዝሎት መጣ። የሰው ደም ከሰው ደም
ሲቀላቀል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጋኑ ላይ ተሳፈሩ፣ ቧንቧውን ጨብጠው፤
እሱ ከኋላ፣ መሰላሉ ላይ፣ በስም እየጠራቸው፣
«...ሃያ ሁለት፣ ነጂው ሃያ ሦስት። ሙሉ ነን። ንዳው!»

አገር ቤት ተረት አለ፤ መንገድ የወጡ ሰዎች፣
ራሳቸውን ሳይቆጥሩ «አንድ ጎደለን» ያሉ ሞኞች፤
ልጅ ሳለሁ ስቄበታለሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ድረስ።

ሳልሚ ስንገባ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣
ቆጠርን፤ ሃያ ሦስት። የጎደለ የለም።
ከመሰላሉ ላይ ግን መሻሪ አልወረደም።
ቀበቶውን ፈትቶ ራሱን ከብረቱ አስሯል፣
ወድቆ እንዳያስቆመን፤
ጎኑ ላይ ያለው ቀዳዳ የአንድ ጣት ያህላል።

ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣
ጣቴ ብቻውን ይቆጥራል፣ ከጉልበቴ ላይ ተነሥቶ።
«አባዬ፣ ተሳሳትክ፤ አንድ አበዛህ» ይላሉ ልጆቼ፣ ይስቃሉ።
ይሳቁ።
እኔም ስቄ ነበር።