የኋላ መብራት

አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጭነናል፣
ደሴን በውድቅት ሌሊት፣ በጉም ውስጥ አልፈናል።
ከፊት ሐረጎ ነው፤ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፣
ኮምቦልቻ ከታች እንደ ፍም ስትታይ።

ጋሽ አሊጋዝ መሪ ይዟል፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም፣
ጉንጩ እንደተወጠረ ነው፤ አያወራም፣ አይስቅም።
አንዴ ዞሮ ጠራኝ፣ በሞተ ወንድሙ ስም።
«አቤት» አልኩት። ምን ልበል? ረዳት ስም አይመርጥም።

አናቱ ላይ ባትሪ። «ቁም!» የሚል የእጅ ምልክት።
ሳጅን ጡይባ ናት፣ ካፖርቷን ጤዛ አርሶት።
መመርመሪያው አዲስ ነው፤ ላስቲኩ ገና አልተላጠ፣
«ንፋ» አለችው። ነፋ፤ የአንገቱ ሥር አበጠ።
ጠበቅን።
ዜሮ።

«አየሽ!» አለ፣ «እኔ ከጠላም ከአረቄም የለሁበት፣
ሶላቱን የሚያውቅ ሰው አይገኝም እዚያ ቤት።»
እውነቱን ነው።
ግን ያቺ መሣሪያ የምታሸተው ትንፋሹን፣
አታይም የጫቱን ገረባ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣
አታይም ያቺን ነጭ ክኒን፣ በወረቀት የጠቀለላትን፣
ዓይኑ እንደተገለጠ የሚያየውንም ሕልም
አትለካም።

«ስንት ሰዓት ተኛህ?» አለችው ሳጅኗ።
«የሚበቃኝን።» ወደ እኔ ዞረ ዓይኗ።
እኔ መሬት አየሁ።

«ደንቡ ትንፋሽ ይላል፤ እንቅልፍን አይጠይቅም፣
ዜሮ ያመጣን ሰው ይዤ አላቆምም።»
መንጃ ፈቃዱን ግን አልመለሰችለትም።
መኪናውን ልትፈትሽ ባትሪዋን አበራች፣
ከፊት ጎማ ጀምራ ቀስ ብላ ተራመደች።
ቀስ ብላ። በጣም ቀስ ብላ።

እኔ በኋላ ዞርኩ። ታኮው ድንጋይ በእጄ ነበር፣
የረዳት ሥራ ነው፣ ታኮ ይዞ መውረድ፣ ማደር።
አንድ ጊዜ።
ቀዩ ክዳን ተሰባብሮ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፣
ድምፁን ሞተሩ ዋጠልኝ፤ የቀረውን ጉም አለበሰ።

ደረሰች። ስብርባሪውን አየች። ድንጋዩን አየች። እኔን አየች።
«የኋላ መብራት የለህም፤ እዚሁ ታድራለህ» አለች፣
ቁልፉን ተቀብላ ኪሷ ከተተች።

ጋሼ ተሳደበ፤ መንገዱን፣ ደንቡን፣ የሠራውን ሰው፣
ከዚያ መሪው ላይ ተደፋ፣ ስድቡን ሳይጨርሰው።

ሲነጋ ኮምቦልቻ ወርደን፣ አምፖልና ክዳን ገዛ፣
ከአበሌ ላይ ቆረጠው፤ ሂሳቡን በጣቱ ይዞ፣ ሳይበዛ ሳያበዛ።
«ማን ይሆን ሌሊት የገጨን?»
«እኔ እንጃ» አልኩት።
ዓይኑን አሸት አደረገና፣
«ሙሄ» አለኝ፣ በራሴ ስም፣
«ታኮውን አንሳ። እንሂድ።»