ቃለ ጉባኤ ያዥ

እንደ ጅማ በርጩማ ሦስት እግር ናቸው፣
ባንድ መጥረቢያ ካንድ ግንድ የወጡ፤
ሥራ አስኪያጁ ነው የጠረባቸው፤
«አጣሩ» ተባሉ፤ ክብ ሠርተው ተቀመጡ።
እኔ ጥግ ላይ ነኝ፣ ብዕር ይዣለሁ።

ከሆስፒታሉ ግምጃ ቤት
አሥራ አንድ ካርቶን ጓንት ጎደለ ተባለ።
«ቁልፉ» አለች ነጂማ፣ «በሁለት ሰው እጅ አለ፤
የዘበኛው መዝገብ ይምጣ፣ ይከፈት፣ ይታይ፤
ሌሊት ማን እንደገባ ሰፍሯል እዚያ ላይ።»

መዝገቡ አልመጣም። ሻይ መጣ፤ ተጠጣ።
ካንድ ምስክር በፊት የምሳ ሰዓት መጣ።
«በቂ መልስ አልሰጠችም በል» አሉኝ፤ ጻፍኩኝ።
ቀለሙ ሳይነጥፍ እኔ ነጠፍኩኝ።

ፋይሉን ሳስር ቀኑ ዓይኔ ፊት ተገተረ፤
ቃሏን የሰጠችው ረቡዕ ነበረ፣
ስንብቷ ግን ከሰኞ ተፈርሞ አድሯል፤
ሰው ሳይጠየቅ በፊት ማኅተሙ ደርቋል።

ዛሬ ሂርማታ ገበያ፣ ሸራ ሥር አገኘኋት፤
ሳሙና ትሸጣለች።
ዓይኔን ሰብሬ ላልፍ ስል በስሜ ጠራችኝ።
አልሰደበችኝም።
አንዱን ጠቅልላ፣ መልሴን እየቆጠረች፣
«ያ ስለ መዝገቡ ያልኩት» አለች፣
«ጽፈኸዋል አይደል?»

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።
ሳሙናው እጄ ላይ ይሟሟል።

በቂ መልስ አልሰጠሁም።