ቀሪ

የማንሃይም መንገድ ስም አልወጣለትም፣
ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሰው አይታወስበትም።
ሁለት ዓመት «እናዝናለን» ብሎ የጻፈልኝ ቤት
በሦስተኛው ከፈተልኝ፤ ዘጠኝ ነበርን ስንገባበት።

ሰኔ ላይ ውጤቱ፣ በመለያ ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤
ኤርዋን ሁለቴ አንብቦ፣ ሳይክሉን ለእኔ ሰጥቶ፣
ፈተናውን ሳይሆን የራይንን ድልድይ አለፈ።

ዘንድሮ የስንዴ ዋጋ ሳሰላ፣
አማካሪዬ ጣቷን ከሰንጠረዡ ግርጌ አኑራ፣
«ይህ ሁሉ ቀሪ ምንድን ነው፣ በቀመርሽ የማይብራራ?»

ቀሪ፦ ስም ሲጠራ፣ «አቤት» ላላለ ልጅ የሚጻፍ፤
ቀሪ፦ ሌላው ሄዶ ሲያልቅ፣ ወንበር ይዞ የሚተርፍ።

«እስከ ዓርብ አስረጂኝ» አለችኝ።
ደጁ ዝናብ፤ የኤርዋን ሳይክል፣ ሰንሰለቱ ዝጎ፣ ጠበቀኝ።